ዱላ ከትከሻ ሲወርድ

ልጄ እናትነሽ አዲሱን ዱላ በር ጀርባ ካቆመችው ወዲህ ቤቱ ጎማ ጎማ ይሸታል። ዱላው ራሱ ምንም አይልም፤ የተላገ ቀላል እንጨት ነው፣ እጀታው ቆልመም ያለ። ጉዱ ጫፉ ላይ ነው። ድንጋይ ላይ እንዳያንሸራትት ተብሎ ጥቁር ጎማ አጥልቀውለታል። ከመድኃኒት ቤት ገዝታው መጣችና «አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከበር የምትወጣው ይኸን መሬት እያስረገጥህ ነው» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። በዚያው ጠዋት ሌላ ወሬም ሰማሁ። የዕድሜ ልክ ጓደኛዬን ጌጡን፣ ልጁ ማሩ መጥቶ በመጪው ቅዳሜ ከከተማ ውጭ ወደሚኖርበት ወደ አይከል ሊወስደው ነው። ጌጡ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ አልጋ ላይ ነው። አንዴ አይከል ከገባ፣ በዚህ ዕድሜያችን እኔ እሱን ላየው አልሄድ፣ እሱም እኔን ሊያይ አይመጣ። አሁን ያለበት ቤት ከእኛ ቁልቁል ነው፤ መንገዱ ጠባብ የድንጋይ ደረጃ ስለሆነ ባጃጅ አይገባበትም። ያለው በእግር መሄድ ነው። ለመሄድ ደግሞ ዱላ መሬት ላይ ማውረድ አለብኝ፤ እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ዱላ መሬት ላይ አውርጄ አላውቅም።

ሽታው ግን አላስቀምጥ አለኝ። የወጣትነቴ ሽታ ነው። ሌላውን ሰው የወጣትነቱን ሽታ ቢጠይቁት አደይ አበባ ይላል፣ የሰርግ ቤት ሽቶ ይላል፤ የእኔ ጎማ ነው፣ ምን ላድርግ። አራዳ ገበያ፣ ከእህል ተራው ጀርባ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ አንዲት ጥግ ነበረችን፤ እኔና ጌጡ በረባሶ የምንሠራባት። የዛሬ ልጆች በረባሶን በስም እንጂ በእግራቸው አያውቁትም። ከማኪና ጎማ የሚቆረጥ ጫማ ነው፤ መርገጫው ከጎማው፣ ማሰሪያው ጎማው ውስጥ ከሚነፋው ከመነዳሪ። ሊማሊሞን ሲወጡና ሲወርዱ የከረሙ የጭነት ማኪናዎች ጎማቸው ሲያልቅ ጎሚስታው ይጥለዋል፣ እኛ እናነሣዋለን። ቢላዋችንን ውኃ እየነከርን እንቆርጣለን፤ ጎማ በደረቅ ቢላዋ አይሄድም፣ ይይዛል። ፀሐይ ሲከር ጎማው ይግላል፣ ሽታው ከልብሳችን አልፎ እራታችን ላይ ይደርሳል። ጥንዱ አንድ ብር ከስሙኒ ነበር። ሰውየው ከተከራከረ በብር እንለቀዋለን፤ የጌጡን ጨዋታ ሰምቶ ከሳቀ ግን ስሙኒዋን ራሱ ወዶ ጨምሮ ይሄዳል። ጌጡ እግር አይቶ የሰውን አገር ያውቅ ነበር። ሰውየው ገና አፉን ሳይከፍት «ይኸ የወገራ ጭቃ ነው፣ ና አረፍ በል» ይለዋል።

ቅዳሜ ደገኛው ወደ ከተማ የሚወርድበት ቀን ነበር፤ ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ከዳባት፣ ከዚያም ወዲያ። አረንጓዴ ቁምጣ፣ ደረቱ ላይ ኪስ ያለው ካኪ ኮት፣ ነጭነቱን የረሳ ጋቢ፣ አንገት ላይ ጥቁር ማተብ። የከተማው ጎረምሳ በበኩሉ ከታች የሰፋ ሱሪውን ለብሶ፣ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ከፒያሳ እስከ ሲኒማ ቤቱ ሲመላለስ ይውላል። ጫማው ባለ ረጅም ተረከዝ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ሲንገዳገድ እያየን እኔና ጌጡ በሳቅ እንሞታለን። ከጥጋችን አጠገብ ዘፈን ቤት ነበረ። ባለቤቱ የድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮኸዋል። ማሲንቆ ያለበት ዘፈን ሲመጣ ጌጡ ቢላዋውን ያስቀምጥና ዘፈኑ እስኪያልቅ አይሠራም። «ሁለቱን ባንድ ጊዜ አልችልም» ይል ነበር። ዛሬ ያ ዘፈን ቤት ሞባይል መሸጫ ሆኗል አሉኝ፤ የእኛም ጥግ ፎቅ ተሠርቶበታል አሉ። እኔ አላየሁትም። ከወደቅሁ ወዲህ አራዳን በዓይኔ አላየሁም።

ስለ ዱላው ልንገራችሁ፤ ሳላስረዳ ከሄድሁ ሞኝ ሽማግሌ ብቻ እመስላለሁ። የእኛ አገር ወንድ ያለ ዱላ ከቤቱ አይወጣም። ዱላው ግን መደገፊያ አይደለም። ከማጅራት ኋላ፣ በሁለቱ ትከሻ ላይ አግድም ይጋደማል፤ ሁለቱ ክንዶች በላዩ ያልፉና መዳፎቹ ወደ ፊት ይንጠለጠላሉ። ደረት ይከፈታል፣ አንገት ይቀናል። ከአምባ ጊዮርጊስ የሚወርደው ገበያተኛ ያን ሁሉ መንገድ እንዲያ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ሰው በተጨናነቀበት ሲደርስ ብቻ አንደኛው ትከሻ ላይ ያዘነብለዋል። ቅቤ እየጠጣ የወየበ ዱላ ነበር፣ ጫፉ ላይ ብረት የተጠመጠመበት ነበር፣ ከአባት ወደ ልጅ ያለፈ ነበር። ካህናቱ መቋሚያቸውን ቢደገፉ ማኅሌት ቆመው ነው፣ ያ ሌላ ክብር ነው። እኛ ተራዎቹ ግን ዱላችንን መሬት ያስረገጥን ቀን ሰው «እገሌ አረጀ» ይላል። «አረጀ» ከተባለ በኋላ በዕርቅ ላይ አይጠሩህም፣ ሠርግ ላይ ከሙሽራው አጀብ አይቆጥሩህም፤ «አያ እገሌን እዚያ ፀሐይ ላይ ያስቀምጡት» ነው። እኔ ከተማ ገብቼ፣ ሱሪ ለብሼ፣ ልጅ አስተምሬ እንኳ ይኸ ነገር ከአጥንቴ አልወጣም። ሁሉን ትቼ ዱላዬን ትከሻዬ ላይ ይዤ አረጀሁ።

የወደቅሁትም እንዲያው ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከቅዳሴ ወጥቼ ወደ ቤት እመለሳለሁ። ደረጃው አረንጓዴ ለብሷል። ዱላዬ ትከሻዬ ላይ ነው፣ እጆቼ በዱላው ላይ ተንጠልጥለዋል፣ አንድ የምስጋና ዜማ በአፍንጫዬ እያንጎራጎርሁ ነው። እግሬ ሲከዳኝ እጆቼ እዚያው ከላይ ቀሩ። ሌላ ሰው ሲወድቅ በመዳፉ መሬቱን ይቀበለዋል፤ እኔ በግንባሬ ተቀበልሁት። ደጃፍ ላይ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ባንድ አፍ «እኔን፣ እኔን ይድፋኝ» አሉ። የእኛ ሰው ሌላው ሲደናቀፍ ሲያይ እንዲህ ነው የሚል፤ ያን ዕለት ሰፈሩ ሁሉ በእኔ ፋንታ ወደቀ። የተሰፋው ግን የእኔ ግንባር ነው። ወገቤ ታሞ ሰነበተ፣ የእጄ አንጓ ታሰረ። ግማሹ ሰው ዓይን ነው አለ፣ ጠበል አመጡልኝ፣ ተጠመቅሁ። እኔ ግን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነበር፤ የሚያስደግፈኝ እንጨት እያለልኝ፣ ያውም ተሸክሜው፣ መውደቄ። ይኸን እያሰብሁ ብቻዬን ስስቅ እናትነሽ አእምሮዬ የተነካ መስሏት ደነገጠች።

ከሐኪም ቤት አንዲት ሴት ልጅ ላኩብኝ፤ ሥራዋ የወደቁ ሰዎችን ዳግመኛ እንዳይወድቁ ማለማመድ ነው። ቀጠን ያለች፣ ጨዋ ልጅ ናት። እግሬን አየች፣ ጉልበቴን አጠፈች ዘረጋች፣ ቤቱን ዞራ ተመለከተች።

«አባት፣ ሲወድቁ ዱላ አልያዙም ነበር?» አለችኝ።

«ይዤ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ትከሻዬ ላይ ነበር።»

ሳቋን ዋጠች። «እንግዲያው ከትከሻዎ እናወርደዋለን» አለች።

«እናያለን» አልኋት። የእኛ ሰው እናያለን ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እሷም ሳታውቀው አልቀረችም።

ሌላውን ያዘዘችኝን ሁሉ ግን እሺ ብያለሁ፤ አንዱንም አልገፋሁም። እግር የሚጠልፈው ምንጣፍ ተነሣ። መጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የእጅ መያዣ ብረት ተመታ። ጫማ ላይማ ወዲያው ነው የተግባባን፤ ተረከዝ የማይይዝ ነጠላ ጫማ ይተዉ ስትለኝ የገዛ ቃሌን ከአፌ የወሰደችብኝ መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት ወንበር ላይ ቁጭ እልና፣ ክንዶቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ፣ በእጄ ሳልደገፍ እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ። ጠረጴዛ ይዤ በአንድ እግሬ እቆማለሁ። በግድግዳው ጥግ ተረከዜን ከሌላው ጣቴ ፊት እያስቀመጥሁ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ላይ ሰው ይኸን ቢያይ ምን ይላል ብዬ መጋረጃ እዘጋ ነበር። ጉልበቴ ግን ለቀቅ አለኝ፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ማንም የማያየውን ሁሉ እሺ አልሁ። ሰው የሚያየው አንዱ ብቻ ነበር፣ እሱን እንቢ አልሁ።

እናትነሽ ያዘችኝ በዚህ ነው። በር ቆልፋብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቁልፍ ይሰበራል፣ ሰው ይለመናል። እሷ ግን በሟች እናቷ ነው የያዘችኝ። «በእማዬ አፅም ይዤሃለሁ፣ ዱላ ሳታወርድ ከዚህ በር እንዳትወጣ» አለችኝ። ሚስቴ ካረፈች ቆይታለች፤ በሕይወት እያለች እንኳ ቃሏን ያፈረስሁት ጊዜ የለም። ስለዚህ የግቢው በር ቀኑን ሙሉ ገርበብ ብሎ ይውላል፣ እኔም ከበሩ ወዲህ እውላለሁ። ግቢያችን አንድ የኮክ ዛፍ፣ አንድ የውኃ በርሜልና የድንጋይ አጥር ናት። ወንበሬን አውጥቼ ከኮኩ ሥር እቀመጣለሁ። በበሩ ክፍተት የሚያልፈውን እግር አያለሁ፤ ሙሉ ሰው አይታየኝም፣ እግር ብቻ። ዕድሜ ልኬን የሰው እግር ሳይ የኖርሁ ሰው፣ አሁን ደግሞ በሽንቁር እንዳየው ሆንሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲሰማ እነሣለሁ፣ እስከ በሩ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። አንዳንድ ቀን ደረቴ ላይ የተቀመጠብኝ ነገር ያለ ይመስለኛል። አየር እያለ አየር ያንሰኛል።

አንድ ቀን ተናግሬያት ነበር፤ «እስር ቤት ነው ያደረግሽብኝ» ብዬ። ልብስ እያጠፈች ነበር፣ እጇ ቆመ።

«እኔ ነኝ ያሰርሁህ?» አለች። «ቢሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር የወደቅኸው አንተ ነህ። ሰው ስሜን በጠራ ቁጥር የወደቅኸው አንተ ነህ። ያን ቀን ደምህን ከደረጃው ላይ ያጠብሁት እኔ ነኝ፣ አባዬ። ዱላውን አውርደውና የፈለግህበት ሂድ። ምነው? ማን ምን ይለኛል ብለህ ነው?»

የሚለኝ ሰው አብዛኛው ሞቷል።

አባቴ አንዱ ነው። አምባ ጊዮርጊስ ነበር የሚኖር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው። በሬ ሲጠምድ ካልሆነ በቀር ዱላው ከትከሻው ሲወርድ አይቼ አላውቅም። ጫማ ሠሪ ሆኜ ጥጋችን በደመቀችበት ዘመን አንድ ቅዳሜ ሊጠይቀኝ በአውቶቡስ መጣ። ከሥራዬ ቀና ስል፣ ገበያተኛው መካከል፣ ከሩቅ አየሁት፤ እሱ ገና አላየኝም። ዱላውን መሬት ላይ አቁሞ፣ ሁለት እጁን በላዩ ደርቦ፣ ሰው በግራ በቀኝ እየገፋው፣ ጎንበስ ብሎ ትንፋሹን ይሰበስባል። ሌላ ሰው መሰለኝ። ከዚያ ራሱን ቀና አደረገና ዓይን ለዓይን ተያየን። ዱላው ወዲያው ወጣ፤ ከማጅራቱ ኋላ ተጋደመ፣ ክንዶቹ ተንጠለጠሉ፣ የቀረችውን መንገድ ደረቱን ነፍቶ መጣ። ሲደርስ ላቡ ባንገቱ ይወርዳል፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «ደኅና ነህ ወይ አባቴ?» ብለው «ምን እሆናለሁ» አለኝ። ጌጡ ሳይጠየቅ ወንበሩን ለቀቀለት። የዚያን ቀን አዲስ በረባሶ አደረግሁለት፣ ከጭነት ማኪና ጎማ፣ ወፍራሙን። እኔም እንዳላየሁ፣ እሱም እንዳላወረደ ሆነን ኖርን። ያኔ እንዴት ኮራሁበት። አሁን ሳስበው ግን፣ ያን አጭር መንገድ የመጣው ለእኔ ዓይን ብሎ ነበር።

እንግዲህ ዱላው በር ጀርባ፣ እኔ ከኮኩ ሥር፣ ሰኞ ማክሰኞ አለፈ። ለእናትነሽ «ጌጡን ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ» እላታለሁ፤ እሷ «ዱላው ያው» ትለኛለች። አንዴ ተነሥቼ ጨበጥሁት፣ ቤት ውስጥ ትንሽ ሄድሁበት። ጎማው ወለሉን ሲነካ ድምፅ እንኳ የለውም። መልሼ አቆምሁት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የጌጡ ልጅ ማሩ ራሱ መጣ። ጨዋ ገበሬ ነው፣ አባቱን ሊወስድ ሥራውን ጥሎ ነው የመጣው። ከበሩ ላይ ቆሞ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ።

«አያ ይርጋ፣ እንደምን ሰነበቱ።»

«እግዜር ይመስገን። አባትህስ?»

«አለ። ቅዳሜ በጠዋት ነው የምንሄደው፣ ማኪናው ተገኝቷል።» ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ። «በሩ በተከፈተ ቁጥር እርስዎ ይመስሉታል። ቀና ይላል፣ ከዚያ ይተኛል። ልንገርዎ ብዬ ነው።»

ከሄደ በኋላ እራቴ አልበላ አለኝ። ጌጡ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል። እኔ ደግሞ፣ ያን በር መክፈት የነበረብኝ ሰው፣ እዚህ ተቀምጫለሁ።

ዓርብ ጠዋት ጥቁር ኮቴን ለበስሁ፣ ተረከዝ የሚይዘውን ጫማዬን አሠርሁ፣ ዱላውን ከበሩ ጀርባ አነሣሁ። እናትነሽ አብሬህ ልምጣ አለችኝ፤ እንቢ አልሁ። ከበሩ ስወጣ ከኋላዬ ቆማ እንደምታየኝ አውቃለሁ፣ አልዞርሁም። ቁልቁል ነው የሚያስፈራው። መጀመሪያ ዱላውን ዝቅ ወዳለው ድንጋይ አወርዳለሁ፣ ጎማው ይይዛል፣ ከዚያ እግሬን አስከትላለሁ። የማይካድ ነው፤ ድንጋዩን አጥብቆ ይዞ ነበር። እኔ ጎማ አውቃለሁ። ሰውነቴ ተደላደለ፣ ፊቴ ግን ይቃጠል ነበር። የመንገዱ ማጠፊያ ላይ ልብስ ሰፊው አለልኝ ሲንጀሩን ደጃፉ ላይ አውጥቶ ይሰፋል፤ አግዳሚው ወንበር ላይ ዘወትር ሥራ ፈት አይጠፋበትም። ሲያዩኝ ባንዴ ተነሡ። ድሮም ይነሡልኝ ነበር፤ የዛሬው አነሣስ ግን ለታማሚ የሚነሡት ነው። «እግዜር ይማርዎ አያ ይርጋ» አሉኝ። አንዱ ክንዴን ሊይዝ ተጠጋ። «ተወኝ» አልሁት፣ ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ከረረ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንገቴን ደፍቼ፣ ማንንም በስሙ ሳልጠራ፣ አለፍሁ።

ጌጡ ያለባት ክፍል ትንሽ ናት፤ ወደ መንገዱ አንድ ትንሽ መስኮት አለቻት፣ ከፍ ብላ፣ ተኝቶ የሚያይባት አይደለችም። በሩን ስከፍት ቀና አለ፤ ማሩ እንዳለኝ። ፊቱ ጠቦ ጆሮው ብቻ ቀርቷል። መጀመሪያ ያየው እኔን ሳይሆን ዱላውን ነው።

«አወረድኸው» አለ።

«አወረድሁት።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት። እነአለልኝ ሁሉ አዩኝ።»

«ምን አሉህ?»

«እግዜር ይማርህ አሉኝ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ፣ እጁን ያዝሁት። የዚያ የጎማ ቆራጭ እጅ መዳፉ ለስልሶ የሌላ ሰው መሰለኝ። ስለ ድሮው ጥቂት ተጫወትን፤ ስለዚያ ባለ ዘፈን ቤት፣ ሁለት የቀኝ እግር ጫማ ይዞ ስለሄደው የጭልጋ ሰውዬ። ዓይኔ ግን ጥጉ ላይ ወዳለው ነገር ይሄድብኛል። አራት እግር ያለው ብረት ነው፣ ይዘውት የሚሄዱበት። ላዩ ላይ ፎጣ፣ ጋቢና ያደረ ሱሪ ተሰጥቶበታል። ጌጡ ማየቴን አየ።

«ሐኪም ቤት የሰጡኝ ነው» አለ። «ያኔ ሸጋ ነበርሁ እኮ። እግሬ ይቆም ነበር። ማሩ ይዞኝ እስከ ደጁ ደረስሁ። ደጁ ላይ የጎረቤት ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ኳሳቸውን ይዘው ቆመው አዩኝ። ምንም አላሉም፣ አዩኝ ብቻ። ተመልሼ ገባሁ። ነገ እወጣለሁ አልሁ፣ ሰው ሲቀል እወጣለሁ አልሁ። እንዲህ እንዲህ ስል እግሬ ሰነፈ፣ ብረቱም የልብስ ማስጫ ሆነ።» ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሣ። «የጣለኝ መውደቁ አይዶለም፣ ይርጋ። መውደቁንስ ጠግነውልኝ ነበር።»

እኔም በዚያው መንገድ ላይ እንደነበርሁ አውቄዋለሁ፤ ልዩነታችን አንድ እናትነሽ ብቻ ናት።

«እስቲ ልብሱን አንሣልኝ» አለ ድንገት።

«ምነው?»

«አንተ እያለህ ልሞክረው።»

እኔ ብቻዬን አላነሣውም፤ ማሩን ከግቢ ጠራሁት። ፎጣውንና ጋቢውን አነሣን፣ ብረቱን አቀረብን። ማሩ ከኋላ በወገቡ ያዘው። ጌጡ ሁለቱን እጀታዎች ጨበጠ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ተከለ፣ ተነሣ። ቆመ። ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ብረቱ ወለሉ ላይ ይንቀጫቀጭ ነበር። ወደ መስኮቷ ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ ሆኖ የሚታየው ግን ሰማይ ብቻ ነው። አንዱን እግሩን ለማንሣት ሲያስብ አየሁት፤ ሐሳቡ ፊቱ ላይ ታየ፣ እግሩ ግን አልተነሣም። ማሩ ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው። «እንቢ አለ» አለ ጌጡ። ማሩ አባቱን ሳያይ ልብሱን አጣጥፎ ወጣ።

ጌጡ ግን እኔን ሊያበረታ ፈለገ። «አይከል ቤቱ ሰፊ ነው፣ ልጆቹ ይወዱኛል» አለኝ። «ደግሞ እዚያ ማንም ቀጥ ብዬ ስሄድ አያውቀኝም።» ከዚያ፣ «ሂድ እንግዲህ፣ ደረጃው ፀሐይ ሳይከርበት። አንድ ነገር ግን ላስቸግርህ» አለ።

«በለኝ።»

«ከዚህ ተኝቼ የመንገዱን ሰው አላየውም። ይሰማኛል፣ ግን ማን ማን መሆኑ አይለይልኝም። ስትወጣ ያገኘኸውን ሁሉ በስሙ እየጠራህ ሰላም በል። ጮክ ብለህ። ማን እንዳለ፣ ማን ደጁ ላይ እንደተቀመጠ ልስማ። ድምፅህ እስኪጠፋ ድረስ።»

«እሺ» አልሁት። ጉልበቱን ሳምሁ፣ እሱ ራሴን ሳመኝ። ያን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር ተሳስመን አናውቅም ነበር።

ደጁ ላይ ቆሜ ዱላዬን አስተካከልሁ። መንገዱ ሽቅብ ነው፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ ሰው በየደጃፉ አለ። ቀደም ብዬ አንገቴን ደፍቼ የመጣሁበት መንገድ ነው። «እንደምን አደርሽ ወይዘሮ ዘውዲቱ» ብዬ ጮኽሁ። ወይዘሮ ዘውዲቱ ጌሾ ታሰጣ ነበር፤ ደንግጣ ቀና አለች፣ እኔን አየች፣ ዱላውን አየች። «እግዜር ይመስገን አያ ይርጋ» አለች፤ የሷም ድምፅ ይሰማዋል። ዱላዬን ከፍ ወዳለው ድንጋይ አሳረፍሁ፣ እግሬን አስከተልሁ። «ደሴ፣ ሱቅህን ከፈትህ ወይ?» ደሴ ከባንኮኒው ጀርባ ብቅ አለ። የማላውቃትን ሴት ስሟን ጠይቄ መልሼ ጠራኋት። በየጥሪው ሰው ወጥቶ ያየኛል፤ ሕፃን ያዘለች ሳትቀር ከበር ወጥታ አየችኝ። ትንፋሼ አጠረ፣ ቆሜ በዱላው ላይ አረፍሁ፣ በሁሉ ፊት፣ ከዚያ ቀጠልሁ።

ማጠፊያው ላይ ስደርስ እነአለልኝ እንደገና ተነሡ። አንድ አንዳቸውን በስማቸው ጠራኋቸው፣ ያባቶቻቸውን ስም እየጨመርሁ። አለልኝ ሲንጀሩን አቁሞ ወደኔ መጣ፤ ፊቱ ላይ ሥጋት አየሁ።

«ምነው አያ ይርጋ፣ ምን ሆኑ? ማንን ነው የሚጠሩ?»

«ምንም አልሆንሁም፣ አለልኝ» አልሁ፤ ያልሁት ግን ለእሱ ሳይሆን ቁልቁል፣ ወደዚያች ከፍ ወዳለች ትንሽ መስኮት ነበር። «ዱላዬን መሬት አስረግጬ እየሄድሁ ነው።»

ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።